የኮምፒዩተር ክፍሉ መጋረጃ

የኮምፒዩተር ክፍል የሚገባ ሁሉ ጫማውን ደጃፍ ላይ ያወልቃል። የናዝሬት አቧራ ማሽኑን ይገድለዋል የሚል ትእዛዝ ከዋናው መሥሪያ ቤት ወርዷል። ሥራ አስኪያጁ ሳይቀር ጎንበስ ብሎ ማሰሪያውን ይፈታል፤ ከዚያ በኋላ ቤተ ክርስቲያን የገባ ይመስል ድምፁ ዝቅ ይላል። ወሰንየለሽ በዚያ ጠዋት እንደ ልማዷ ቀድማ ደረሰች። ጥቁር ጫማዋን አውልቃ ግድግዳው ሥር አስጠጋች፣ ቁልፉን ከቦርሳዋ አወጣች፣ በሩን ከፍታ በባዶ እግሯ ቀጥ ብላ ወደ መስኮቱ ሄደች። መብራቱን አላበራችም፤ ማሽኑ ላይ የተጣለውን ዳንቴል አላነሳችም። መጀመሪያ ያደረገችው መጋረጃውን እስከ ጥግ ድረስ መክፈት ነበር።

ብርሃኑ ዘው ብሎ ገባ። ከግቢው ማዶ ያለው መጋዘን በቅርቡ አዲስ ቆርቆሮ ለብሷል፤ ፀሐይ ገና ሳትጠነክር እንኳ ዓይን ያጥበረብራል። ወሰንየለሽ ዳንቴሉን አንሥታ ገና ያልበራውን የማሽኑን መስታወት አየችው። የቆርቆሮው ነጸብራቅ መሐሉ ላይ ተቀምጧል። ትናንትም እዚያው ነበር፤ ከትናንት ወዲያም። ዳንቴሉን በሥርዓት አጣጠፈችና ወጣች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል፤ የወሰንየለሽም ሆድ የሚያውቀውን ያውቅ ነበር።

ቢሮው በአዋሽ ዳርቻ ያሉ የመንግሥት እርሻዎችን ምርት የሚመዘግብ ቅርንጫፍ ነው። እሷ ከንጉሡ ዘመን መጨረሻ ጀምራ እዚሁ ታይፕ ስትመታ ኖራለች። ግድግዳው ላይ የሚሰቀለው ፎቶግራፍ ተለወጠ፣ ደብዳቤው ግርጌ የሚጻፈው መፈክር ተለወጠ፣ ወሰንየለሽ ግን ከወንበሯ አልተነቃነቀችም። ለማባዣ በሚመታው የሰም ወረቀት፣ በስቴንስል ላይ ስሕተት የማትሠራ እሷ ብቻ ነበረች። አለቆች ረቂቃቸውን ይዘው ደጇ ላይ እየቆሙ «ወይዘሮ ወሰንየለሽ፣ እባክዎ ይቺን ብቻ» ይሏታል፤ እሷም ቀና ሳትል «ያስቀምጡት» ትላለች። ያ መቆማቸው ደስ ይላት ነበር። ምን ይደበቃል፣ ከደመወዟ አስበልጣ የምትወደው እሱን ነበር።

ኮምፒዩተሩ የመጣው ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ ነው። ኑሬ የሚባል ቴክኒሻን ከአዲስ አበባ አብሮት መጣ፤ ጠረጴዛውን መስኮቱ በጎን በኩል እንዲሆን አድርጎ አስቀመጠ፣ ወሰንየለሽንና ሎሚን አሠለጠነ፣ ሄደ። ወንበሩ የማን እንደሚሆን ወሰንየለሽ ቅንጣት ታህል አልተጠራጠረችም። በሠራተኛው ስብሰባ ላይ ግን ሥራ አስኪያጁ ጓድ ጉተማ ተነሥቶ፣ ፈገግ ብሎ፣ «ለአዲስ ማሽን አዲስ ጣት ያስፈልገዋል» አለና የሎሚን ስም ጠራ። ወሰንየለሽ ተጠባባቂ ተባለች። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። እሷም አጨበጨበች፤ መዳፏ ሲያቃጥላት አመሸ።

ሎሚ ሌላ ሰው ብትሆን ኖሮ ምናልባት ይቀላት ነበር። ያስተማረቻት ግን ራሷ ናት። ልጅቷ አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ ከእናቷ ጋር ከሁሩታ ስትመጣ ፊደል በአንድ ጣት የምትለቅም ነበረች። ወሰንየለሽ ምሳ ሰዓቷን እየሠዋች፣ የልጅቷን እጆች በነጠላዋ ጫፍ እየሸፈነች፣ ሳታይ እስክትመታ ድረስ አሠልጥናታለች። «ጣትሽ ያውቀዋል፤ ዓይንሽ ምን አገባው» ትላት ነበር። ላም እሳት ወለደች ማለት ይኼ ነው፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት።

እና ቀናች። ቅናቱ የጀመረው ከሎሚ ተሽከርካሪ ወንበር ነው። ከዚያ ወደ ነጭ ጋውኗ ተሻገረ፤ ከዚያ ወደ አየር ማቀዝቀዣው፤ እሷ በናዝሬት ሙቀት ላቧን በመሐረብ እየጠረገች ስትመታ ልጅቷ በሚያዝያ ሹራብ ትደርባለች። የማሽኑን ጨረር ያበርዳል ተብሎ በየቀኑ የሚታዘዝላትን ወተት ሳይቀር ቀናችበት፤ ወሰንየለሽ ወተት አትወድም እኮ። ከሁሉ የባሰባት መስኮቱ ነበር። ጓድ ጉተማ ሰፊው ሕዝብ የሳይንስን ፍሬ ይይ ብሎ መጋረጃው ቀን ቀን እንዲከፈት አዟል። ከመተሐራ ጭነት ይዘው የሚመጡ ሾፌሮች፣ ለጉዳይ የመጡ ገበሬዎች፣ ሥራ የሚጠብቁ የቀን ሠራተኞች ግንባራቸውን መስታወቱ ላይ ለጥፈው ሎሚን ያያሉ። ድሮ ሰው የሚቆመው ወሰንየለሽ ደጅ ላይ ነበር።

የሎሚ እናት ወይዘሮ ዲንቄ ይኼን ሲሰሙ ደነገጡ። የሰው ዓይን ሊበላት ነው አሉ። «ጀርባሽን ስጫቸው፤ ፊትሽን ካላገኙት አይዝሽም» ብለው ልጃቸውን አስማሏት። ሎሚም ዘበኛውን ለምና ጠረጴዛውን አዞረች፤ መስኮቱ ከኋላዋ ሆነ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የመጋዘኑ ቆርቆሮ የሚረጨው ብርሃን ትከሻዋን ተሻግሮ የማሽኑ መስታወት ላይ ያርፋል፤ አረንጓዴዎቹ ፊደላት እዚያ ውስጥ ይሰጥማሉ።

ወሰንየለሽ ይኼን ያየችው በዚያው ቀን ነው። በወጣትነቷ ታይፕ ያስተማሯት እትዬ አሳየች ዓይናቸውን በስቴንስል የጨረሱ ሴት ነበሩ፤ ተማሪዎቻቸው እንደሳቸው እንዳይሆኑ ሲሉ አንድ ትምህርት ደጋግመው ይነግሯቸው ነበር። «ብርሃን በጎናችሁ ይግባ። ገጹ ሲያልቅ ቀና ብላችሁ ሩቅ እዩ። ደግሞ ማርገብገብ አትርሱ፤ የማይርገበገብ ዓይን ይደርቃል።» ወሰንየለሽ ይኸው እስከ ዛሬ መነጽር አታውቅም። ለሎሚ አንዲት ቃል ትበቃት ነበር፤ ጠረጴዛሽን ወደ ቦታው መልሺው። ቃሏ ጉሮሮዋ ድረስ መጥታ ታውቃለች። ዝም አይነቅዝም ብላ መልሳ ዋጠቻት።

የሎሚ ዓይን መጀመሪያ ቀላ። ቀጥሎ አሸዋ የገባበት ይመስል ይቆረቁራት ጀመር፤ ከዚያ ራስ ምታቱ መጣ። ፊደሉ እንዲታያት እየተጠጋች እየተጠጋች አፍንጫዋ መስታወቱን ሊነካ ምንም አልቀረውም፤ ማቀዝቀዣው ደግሞ ቀኑን ሙሉ ፊቷ ላይ ይነፍሳል። ሐኪም ቴትራሳይክሊን ቅባት ሰጣት፤ ቅባቱ ጭራሽ አደበዘዘባት። እናቷ ሶደሬ ወስደው በፍል ውሃ አጠቧት። ጎረቤቱም ባልደረባውም አንድ አንድ ነገር መከራት፤ ከወሰንየለሽ በስተቀር።

በመሐል አንድ ሰሞን የመጋረጃው ቀለበቶች ተበጣጥሰው ጨርቁ መስኮቱ ላይ ተንዘርፍፎ ቀረ። በዚያ ሰሞን ሎሚ «እትዬ፣ ተሻለኝ መሰለኝ» እያለች ትስቅ ነበር። ወሰንየለሽ ከቤቷ መርፌና ክር ይዛ መጣች። ነጭ ክር አጥታ ጥቁር ነበር ያመጣችው። ወንበር ላይ ወጥታ ቀለበቶቹን አንድ በአንድ ሰፋቻቸው። እንዳትወድቅ ወንበሩን የያዘችላት ሎሚ ነበረች።

አሁን በዚህ ጠዋት የሎሚ ነጭ ጫማ መጥቶ ከጥቁሩ ጫማ አጠገብ ተቀመጠ። ጓድ ጉተማ ወሰንየለሽን ወደ ቢሮው አስጠራትና በሩን ዘጋ።

«የዋናው መሥሪያ ቤት እንግዶች ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይደርሳሉ» አለ። «የክፍሉ ኃላፊ የምትሆነውን መርጠው ነው የሚሄዱት። ማሽኑ ላይ ተቀምጣ የምትሠራውን ያያሉ፤ ስሟን ይይዛሉ፤ አለቀ። የልጅቷ ዓይን ደግሞ አላማረኝም። ፊታቸው ከምንዋረድ እርስዎ ተዘጋጅተው ይጠብቁ።»

«ሎሚስ ምን ትላለች?»

«ዓይኗ እምቢ ካለ ምን ልትል ነው?»

ወሰንየለሽ ከዚያ ስትወጣ የተሰማት ደስታ ነበር፤ ለምን ይዋሻል። ኮሪደሩን ስታቋርጥ ራሷን በዚያ ወንበር ላይ አየችው፤ ደጃፍ ላይ ጫማ ሲወልቅላት፣ ጓድ ጉተማ በካልሲው ቆሞ ሲጠብቃት። አዲስ ጣት ብሎ ነበር። ጣቷን ዘርግታ አየችው። ከዚያ የሎሚ በር አጠገብ ስትደርስ ከውስጥ የቁልፎቹ ድምፅ ሲቋረጥ ሰማች። ሲቀጥል፣ እንደገና ሲቋረጥ። እንዲህ የሚመታው የማያይ ሰው ነው። እግሯን አፍጥና አለፈች።

በምሳ ሰዓት ወይዘሮ ዲንቄ የግቢው በር ላይ ቆመው ጠበቋት። ከሶደሬ ያስመጡትን ውሃ በጠርሙስ ይዘዋል፤ የመጡበት መንገድ አቧራ እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ድረስ አልብሷቸዋል።

«አካም ጂርታ፣ ወሰኔ» አሏት።

«ደህና ነኝ፣ እትዬ ዲንቄ። እርስዎስ እንዴት ነዎት?»

«ምን ደህንነት አለ። ኢንተላ ኮ፣ ልጄን፣ ትናንት ወጥ ጨልፊ ብላት ከሳህኑ ውጪ አፈሰሰችው። አልታየኝም አለችኝ።» ጠርሙሱን ወደ ደረታቸው አስጠጉ። «እዚህ እናቷ አንቺ ነሽ። በክፉ የሚያያት ሰው አይተሻል? ንገሪኝ፤ እግሩ ሥር ወድቄ እለምነዋለሁ።»

ወሰንየለሽ ዓይኗን ጠርሙሱ ላይ አሳረፈች። «ብዙ ሰው ነው የሚያያት» አለች።

«እንግዲያው ዛሬን ብቻ መስኮቱ ጋ ቁሚልኝ። ከልዪልኝ። አንቺ ካለሽ ዓይን አያልፍም።»

እሺ አለች። ሌላ ምን ትላለች? ጠርሙሱን ተቀብላ ወደ ውስጥ ስትመለስ፣ ከእፍረቱ ጎን ሌላ ነገር ሲወጋት ተሰማት፤ ይኼም ቅናት ነበር። እሷ ዓይኗ ቢጠፋ ውሃ ተሸክሞ በዚያ ፀሐይ የሚመጣ ሰው የላትም። ልጅቷ ወንበሩም አላት፣ እናትም አላት።

ስምንት ሰዓት ካለፈ በኋላ ሎሚ ታይፕ ክፍል መጣች። በባዶ እግሯ ነበር የመጣችው፤ ጫማዋን ማድረግ እንኳ ረስታለች።

«እትዬ፣ አልቻልኩም» አለች። «ቁጥሩ ሁለት ሁለት ሆኖ ነው የሚታየኝ። ለጓድ ጉተማ ነግሬው መጣሁ። እርስዎ ይቀመጡ። ቦታው መጀመሪያም የእርስዎ ነበር።»

ወሰንየለሽ ይህን አረፍተ ነገር በልቧ ስንቴ ሰምታዋለች። ስትሰማው ሎሚ ሁልጊዜ ታለቅስ ነበር። አሁን የልጅቷ እንባ የሚወርደው ከቃጠሎው የተነሣ ብቻ ነው፤ ፊቷ ሸክም እንዳወረደ ሰው ዕረፍት አለው። ወሰንየለሽ «አይዞሽ» አለችና ተነሣች።

ወንበሩ ለስላሳ ነበር። ትንሽ ዞር ስትል አብሯት ዞረ። ማቀዝቀዣው አንገቷን ሲነካው ቆዳዋ ሁሉ ተነቃቃ፤ ይኼን ስትመኝ ነው የከረመችው። እጆቿን ቁልፎቹ ላይ ዘረጋች። መስታወቱን አየች። ያየችው ግን የራሷን ፊት ነበር፤ ጆሮ ግንዷ ላይ ያለውን ሽበት፣ ከኋላዋ መስኮቱ ላይ የተለጠፉትን ግንባሮች፣ ከነሱ በላይ የሚንቀለቀለውን ቆርቆሮ። ፊደላቱ ከዚያ ሁሉ ሥር የሆነ ቦታ ላይ አሉ። ጎንበስ አለች። ጥቂት ታዩ። ይበልጥ ጎንበስ አለች።

ሎሚ ከጎኗ ቆማ የእርሻዎቹን ቁጥር ከወረቀቱ እየተጠጋች ታነብላታለች፤ ወሰንየለሽ ትመታለች። ጣቶቿ አልተሳሳቱም፤ የመቱት ልክ መሆኑን ግን ማየት አቃታት። መጋረጃውን መዝጋት ነበር የሚያሻው። እጇን ብትዘረጋ ይደርሳል። ከዘጋች ግን ሎሚ ታያለች፤ ካየች ታስታውሳለች። ሞቆኝ ነው ልበል? ማቀዝቀዣው ሥር ቁጭ ብሎ ምን ሙቀት አለ። ሰው በዛብኝ ልበል? ሰው እንዲያየኝ አይደል የመጣሁት።

ደግሞ ሌላ ሐሳብ መጣላት፤ ቀዝቃዛና ግልጽ የሆነ። ይቺን ሰዓት ብቻ ልቻላት። እንግዶቹ ይምጡ፣ ስሜን ይያዙ፣ ይሂዱ። ነገ ሎሚ ታይፕ ክፍል ስትገባ ጠረጴዛውን ቀስ ብዬ ወደ ቦታው እመልሰዋለሁ። የልጅቷም ዓይን ከዚህ ከራቀ ይድናል። ማንንም አልጎዳሁም። ይህን እያሰበች ዓይኗን ሳታርገበግብ መስታወቱ ላይ ተክላ መታች፤ እንባዋ ጉንጯ ላይ ሲወርድ አልታወቃትም።

«እትዬ፣ ዓይንዎ» አለች ሎሚ።

«ምንም አይደል። ቀጥዪ።»

«ይተዉት፣ ይቅርብን። እኔ ልጅ ነኝ፣ ይድንልኛል። የእርስዎ ከጠፋ ግን ማን ይመልሰዋል?» ሎሚ እናቷ የላኩላትን ጠርሙስ ከፈተች፣ መሐረቧን ከሶደሬው ውሃ ነከረች። በአንድ እጇ የወሰንየለሽን አገጭ ቀና አደረገች፤ በሌላው ዓይኗን ቀስ ብላ ጠረገችላት። ያ እጅ በነጠላ ጫፍ ተሸፍኖ ፊደል የተማረው እጅ ነው። «እናቴ እንዲህ ስታደርግልኝ ትንሽ ይቀለኛል» አለች። «ቀለልዎት?»

ወሰንየለሽ ሁሉን ትችል ነበር፤ ስድቡንም፣ እርግማኑንም፣ የሎሚን ልቅሶም። ይቺን እጅ አልቻለችም።

ተነሣች። መስኮቱ ጋ ሄዳ መጋረጃውን ጎተተችው፤ ቀለበቶቹ እየተንሸራተቱ ግንባሮቹን አንድ በአንድ ሸፈኗቸው። ከውጪ ማጉረምረም ተሰማ። ተመልሳ የጠረጴዛውን ጫፍ ያዘች።

«በዚያ በኩል ያዢ» አለች።

«ምን ልናደርግ?»

«ኑሬ እንዳስቀመጠው ልናደርገው። ያዢ ሎሚ፣ ሰዓት የለንም።»

ሁለቱ ገፉት። ከዚያ ወሰንየለሽ ማቆም አቃታት፤ የታፈነ ነገር ክዳኑ ሲነሣ እንደሚሆነው ቃሉ ሁሉ አንድ ላይ ወጣ። የማቀዝቀዣውን አፍ ወደ ጣራው አዞረች። ወንበሩን ወደ ኋላ ሳበችው። «ክንድሽን ዘርጊ፤ ጣትሽ መስታወቱን ከነካው ቀርበሻል ማለት ነው። ብርሃን በጎንሽ እንጂ በጀርባሽ አታስገቢ። ዓይንሽን አርገብግቢ፣ ዝም ብለሽ አታፍጪ።» መጋረጃውን ከመጋዘኑ በራቀው ጥግ በኩል በጠባቡ ገለጥ አደረገችው፤ በዚያ ቆርቆሮው አይታይም፤ ከከተማው ወዲያ ያለው ኮረብታ ብቻ ነው የሚታየው። «ገጹ ሲያልቅ ቀና ብለሽ ያንን እዪ። እስኪያርፍልሽ ድረስ እዪው። ተቀመጪ አሁን።»

ሎሚ ተቀመጠች። ክንዷን ዘረጋች። መስታወቱን አየች። የቁጥሮቹ ረድፍ ጥቁሩ ላይ አረንጓዴ ሆኖ፣ ጥርት ብሎ ቆሟል።

«ታየኝ» አለች። ሳቀች። «እትዬ፣ ይኼው ታየኝ፤ ትንሽ ይወዛወዛል እንጂ አንድ አንድ ነው። ይኼን ያህል ቀላል ነበር እንዴ? እኔ እኮ ዓይኔ ሊጠፋ ...»

አልጨረሰችውም። ሳቁ ፊቷ ላይ እንዳለ ቀረ። ጠረጴዛውን አየች፤ ማቀዝቀዣውን አየች፤ ከዚያ ቀና ብላ መጋረጃው የተሰቀለበትን ዘንግ አየች። በነጭ ጨርቅ ላይ ጥቁር ክር ከሩቅ ይታያል፤ ለደከመ ዓይን እንኳ። ወሰንየለሽ ዓይኗን ተከትላ አየችው። ያን ጊዜ ክሩ እንዲህ ጎልቶ ይታያል ብላ አላሰበችም ነበር።

«ቀለበቶቹን የሰፉት እርስዎ ነዎት» አለች ሎሚ። እየጠየቀች አልነበረም።

«እኔ ነኝ።»

«ተሻለኝ ባልኩዎት ሰሞን።»

«አዎ።»

«ወንበሩን ይዤልዎት ነበር።»

«ይዘሽልኝ ነበር» አለች ወሰንየለሽ። ቅናት ነው ልትል አሰበች። ቃሉ እውነት ነበር፤ ግን ከቃሉ በኋላ ምን እንደሚከተል አላወቀችም። ከደጃፉ የጫማ ማሰሪያ ሲፈታ፣ የሰዎች ሹክሹክታ፣ የጓድ ጉተማ ትሑት ሳቅ ተሰማ።

እንግዶቹ በካልሲያቸው ገቡ። አንደኛው አውራ ጣቱ ካልሲውን ቀዶ ወጥቷል፤ እሱም ስላወቀ እግሩን ከሌላው እግሩ ኋላ ይደብቃል። ጓድ ጉተማ የተዘጋውን መጋረጃ፣ የዞረውን ጠረጴዛ፣ ወንበሩ ላይ ያለችውን ሎሚን ተራ በተራ አየ። ግራ ተጋብቶ ወደ ወሰንየለሽ ዞረ። ሁሉም አዩዋት። አሁንም አፏን ብትከፍት፣ እኔ ነኝ ብትል፣ ሎሚ ያለ አንድ ቃል ትነሣላት ነበር፤ ይህን ታውቃለች።

«የምትሠራው ሎሚ ናት» አለች። «ሎሚ ጉልማ ብለው ይያዙት።»

ከዚያ ለወይዘሮ ዲንቄ ቃል እንደገባችው መስኮቱ ጋ ሄዳ ቆመች። ሎሚ መምታት ጀመረች። እንግዶቹ ጎንበስ ብለው ያያሉ፤ ጓድ ጉተማ በየመሐሉ «ፈጣን ናት» ይላል። ፈጣን ነበረች። ጣቶቿ ወሰንየለሽ ባስተማረቻቸው መንገድ፣ አንጓቸው ቀና ብሎ፣ ሳይጋጩ ይወርዳሉ። ወሰንየለሽ እያየቻቸው ያ የቆየ ነገር ደረቷ ውስጥ እንደገና ሲላወስ ተሰማት። ያደረገችው ሁሉ አላጠፋውም። ያ ወንበር አሁንም ያምራታል።

ገጹ አለቀ። ሎሚ እጆቿን ጭኗ ላይ አሳረፈችና ቀና አለች። ዓይኗ አሁንም ቀይ ነው። ወደተገለጠችው የመጋረጃ ጥግ ዞረች፤ ወሰንየለሽ ደግሞ እዚያው ጥግ ላይ ቆማለች። ተያዩ። እንግዶቹ ቀጣዩን ገጽ ይጠብቃሉ፤ ጓድ ጉተማ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ወይዘሮ ወሰንየለሽ፣ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልኝ» አለች ሎሚ፤ ድምፅዋ ዝቅ ያለና ጨዋ ነበር። «ኮረብታው አልታየኝም።»

ሎሚ ከሁሩታ ከመጣች ጀምሮ እትዬ ከማለት በቀር አንድ ቀን እንኳ በስሟ ጠርታት አታውቅም ነበር። ወሰንየለሽ የመጋረጃውን ጫፍ እንደያዘች ፈቀቅ አለች፤ ሎሚም አልፋት ሩቅ አየች።